መዝገብ የሌለው ዱቤ? ከኮምቦልቻ ለተጻፈ ሒስ ከደሴ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ አንድ የኮምቦልቻ ነዋሪ የሆኑ የሙያ ባልደረባዬ፣ ሶፍትዌርን በነፃ አድሎ ተጠቃሚው በፈቃዱ የሚከፍለውን መጠበቅ ለአገራችን ባለሙያ የማይበጅ አካሄድ መሆኑን ለማስረዳት ረዘም ያለ ጽሑፍ አውጥተዋል። ጽሑፉ የማንንም ስም አያነሣም፤ ይሁን እንጂ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ የሱቅ ዕቃ ቆጠራና የዱቤ መዝገብ የሚይዝ ሶፍትዌር ሠርቶ በነፃ የሚያድል ሰው ከእኔ ሌላ ስለማላውቅ፣ ዱላው ለማን እንደተሰነዘረ አልጠፋኝም። እርሳቸው በሥራ ታላቄ ናቸው፤ የኮምፒውተር ሆድ ተከፍቶ ሲጠገን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በእርሳቸው ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነው። ስለዚህ ምላሼን የምጽፈው ይህን ሳልዘነጋ ነው፤ የተሳሳቱ የመሰለኝን ከመናገር ግን አልቆጠብም።

የጽሑፋቸው ይዘት ባጭሩ ይህ ነው። በነፃ የተሰጠ ሥራ ይናቃል፤ የእኛ ሰው ካልተገደደ አይከፍልም፤ የውጭ አገር ምሳሌዎች እኛ ዘንድ አይሠሩም፤ መፍትሔው ሶፍትዌሩን በቁልፍ አስሮ መሸጥ ነው፤ በነፃ ያደለ ሰው በሥራው ላይ ያለውን መብት ያጣል፤ በምስጋና ልጅ አያድግም፤ በመሆኑም የሁለቱ ከተሞች ባለሙያዎች ተሰብስበን ማንም ከዚያ በታች የማይሸጥበትን የዋጋ ወለል እንወስን። በፈቃድ የሚከፈለውን ገንዘብም «መዝገብ የሌለው ዱቤ» ብለው ሰይመውታል። ስያሜው ያምራል፤ የዱቤ መዝገብ ሠርቼ የማድል ሰው እንደመሆኔም አነጣጥረው እንደመቱኝ አልክድም። የእርሳቸውን ቅደም ተከተል እከተላለሁ፤ አንዳንዱ ነጥብ ላይ ግን እቆያለሁ፣ አንዳንዱንም ቶሎ አልፈዋለሁ።

በነፃ የተሰጠ ሶፍትዌር ዋጋ ያጣል የሚለው የመጀመሪያ ነጥባቸው አንድ ነገር እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ይነሣል፤ ሶፍትዌሩ በነፃ ባይሰጥ ኖሮ ዋጋ ይኖረው ነበር። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ያለው እውነታ ግን ሌላ ነው። ፒያሳ ካሉት ኮምፒውተር ቤቶች ወደ አንዱ ላፕቶፕ ይዞ የገባ ሰው «ፎርማት አስደርጎ» ሲወጣ ዊንዶውሱም ኦፊሱም ፎቶሾፑም ፀረ ቫይረሱም ተጭኖለት ነው፤ ሒሳቡንም ከፍሏል። የከፈለው ግን ለጫነለት ልጅ ነው፤ ከዚያ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ወደ ሠሪው አትደርስም። እንግዲህ የቅጂው ዋጋ እኔ ወደ ገበያው ከመግባቴ በፊትም ዜሮ ነበር፤ እኔ ያወረድሁት ዋጋ የለም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር፣ ሰዎች ሳይፈቀድላቸው ሊያደርጉት የነበረውን መቅዳት በፈቃዴ እንዲያደርጉት መተውና፣ ከቅጂው ጋር ስሜና ስልክ ቁጥሬ አብሮ እንዲጓዝ ማድረግ ብቻ ነው። የተሰረቀ ቅጂና የተሰጠ ቅጂ ፍላሽ ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት የተሰጠው ቅጂ ሠሪውን ከሚያውቅ፣ ደውሎም ከሚያገኘው ሰው እጅ የገባ በመሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ከሞላ ጎደል ለዚህች ልዩነት ነው።

ስለ ክብር ከተነሣ ደግሞ ከአማርኛ ጽሕፈት የተሻለ ምስክር አላገኝም። በወጣትነቴ በሠራሁባቸው የጽሕፈት ሱቆች ሁሉ ፓወር ግእዝ የተባለው የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ነበር፤ ከገዛው ሰው ጋር ግን አንድም ቀን ተገናኝቼ አላውቅም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት የጋራ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ እንደ አቢሲኒካ ያሉ በነፃ የሚታደሉ ፎንቶችና የቁልፍ ሰሌዳዎች መጡልን፤ ደሴ የተጻፈ ደብዳቤ መቀሌ ወይም ጅማ ሲከፈት ወደ ማይነበብ ምልክት መለወጡ እየቀረ የሄደውም ከዚህ በኋላ ነው። ፊደሉ በነፃ የተገኘ ስለሆነ ብሎ በአቢሲኒካ የተጻፈ ማመልከቻ የመለሰ ቢሮ እስካሁን አልሰማሁም።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፋቸው ምሰሶ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ብይዘው ቅር አይበሉኝ። የእኛ ሰው ካልተገደደ አይከፍልም ይላሉ፤ ለዚህም ቅሬን ይጠቅሳሉ። የወሎ ሰው ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል የሚቀባበርበት ቅሬ እንኳ፣ መዋጮ ባስታጎለ ላይ ቅጣት ባይጥል ኖሮ ዓመት ሳይሞላው ይፈርስ ነበር፤ ለቀብር በፈቃዱ የማያዋጣ ሰው ለሶፍትዌር ያዋጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው፤ ይላሉ።

እኔም የቅሬ አባል ነኝ፤ ቅጣትም ከፍዬ አውቃለሁ። ነገር ግን ቅጣት የቅሬው የመጨረሻ ደንብ እንጂ የቆመበት መሠረት አይደለም። ሰው ለቅሬ የሚከፍለው ገንዘቡን ማን እንደሚሰበስብ ስለሚያውቅ፣ መቼ እንደሚሰበሰብ ስለሚያውቅ፣ ባለፈው ሳምንትም ድንኳኑን ጎረቤቱ ደጅ ተተክሎ ስላየው ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተማችን ከጦርነቱና ከዘረፋው ወጥታ ነዋሪው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በእኛ ሰፈር ቅጣት የሚባል ነገር ያስታወሰ ሰው አልነበረም፤ መዋጮው ግን ተሰብስቧል። ገንዘብ ያዡ የማይታወቅ፣ ድንኳኑም ታይቶ የማያውቅ ቅሬ ቢኖር ግን እንኳን ቅጣት፣ መሐላም አያቆመው።

ይህን የምለው እኔ ራሴ ድንኳን የሌለው ቅሬ አቋቁሜ ስለማውቅ ነው። ሶፍትዌሩን መጀመሪያ ያደልሁ ጊዜ የባንክ ሒሳብ ቁጥሬን «ስለ ሶፍትዌሩ» የሚል መስኮት ውስጥ አስገብቼ፣ «ከወደዳችሁት የፈለጋችሁትን ክፈሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሥሩ ጽፌ ተቀመጥሁ። በዓመቱ የከፈለኝ አንድ ሰው ነው፤ እርሱም አብሮ አደጌ ነበር። በዚያ ሰዓት የጸሐፊውን ድምዳሜ ብጠየቅ ቃል በቃል እፈርምበት ነበር። በኋላ ግን ወደ ሱቆቹ እየዞርሁ ስጠይቅ ያን መስኮት ከፍቶ ያየ ሰው አንድም አጣሁ። ሰው ያላየውን ልመናም ሆነ ዕዳ እንዴት ይከፍላል?

ስለዚህ ጥያቄውን ከተደበቀበት አውጥቼ ወደ ሰኔ 30 ወሰድሁት። ነጋዴ የሚያውቀው ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የዕቃ ቆጠራ አለ፣ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ግብር አለ። ቀድሞ ልጆቹን ሰብስቦ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ሦስት አራት ቀን ደብተር ላይ የሚቆጥር ሰው በሶፍትዌሩ የቆጠራ ሪፖርቱን በአንድ ከሰዓት አትሞ ያወጣል። በዚያ ሪፖርት ግርጌ ላይ ስሜን፣ የቴሌብር ቁጥሬንና አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አኖርሁ። በመልክ ከማውቃቸው አርባ ገደማ ሱቆች በዚያ ክረምት አሥራ አንዱ ከፈሉ። ጸሐፊው ይህን ሲያነቡ ሃያ ዘጠኙን እንደሚቆጥሩ አውቃለሁ፤ እኔ ደግሞ ያለፈውን ዓመት አንድ ሰው አስታውሼ አሥራ አንዱን እቆጥራለሁ። በሁለቱ ዓመታት መካከል የደሴ ሰው ጠባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጥያቄው የሚቀርብበት ቦታና ጊዜ ነው።

ከአሥራ አንዱ መካከል ሐጂ እያልን የምንጠራቸው፣ ሰኞ ገበያ የብረታ ብረት ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ አሉ። ሪፖርቱን ይዘው ሱቄ ድረስ መጡና «ልጄ፣ ሐቅህ በእኔ ላይ እንዳይቀር፤ ዋጋው ስንት ነው?» አሉኝ። የፈለጉትን እንዲከፍሉ ነገርኋቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጠቆረ፤ «የፈለግኸውን ስትለኝ እኮ ያስቸገርኸኝ አንተ ነህ፤ ባሳንስ ሐቅህን በላሁ፣ ባበዛ ሞኝ ተባልሁ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተመጠነ አሳብ እጽፋለሁ፤ ለትንሽ ሱቅ ይህን ያህል፣ ለጅምላ ነጋዴ ይህን ያህል፣ የሌለው ምንም። ዋጋ አለመጥራት ትሕትና ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መክፈል የሚሻውን ሰው በጭንቀት መቅጣት ኖሯል። ጸሐፊው ከቅጣት ይልቅ ይህን ቢያነሡብኝ ኖሮ መልስ አጣ ነበር።

መንገዱን ቀድመው የጀመሩት ሰዎችም የደረሱት እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ጂም ክኖፕፍ የተባለ የአይቢኤም ሠራተኛ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የአድራሻ ወረቀት ማተሚያ ብሎ የጀመረውን የመዝገብ ፕሮግራም ለወዳጆቹ ሲያድል ቆየ፤ ማሻሻያ በወጣ ቁጥር ለሁሉም መላኩ ወጪው ሲከብደው፣ ማሻሻያው እንዳይቋረጥበት የሚፈልግ ሰው 10 ዶላር እንዲልክ ፕሮግራሙ ውስጥ ጻፈ። በዚያው ዘመን አንድሩ ፍሉጀልማን የተባለ ሌላ ሰው፣ ኮምፒውተሮችን በስልክ መስመር የሚያገናኝ ፒሲ ቶክ የሚባል ፕሮግራም በተመሳሳይ መንገድ ያድል ነበር። ሁለቱ ሳይተዋወቁ የጀመሩትን ነገር በተጠቃሚዎቻቸው በኩል ሰምተው ተነጋገሩ፤ አንዱ የሌላውን ፕሮግራም እንዲጠቅስ፣ ሁለቱም 25 ዶላር እንዲጠይቁ ተስማሙ። (ጸሐፊው ይህን ስምምነት የዋጋ ወለል ነው ብለው እንዳይዙብኝ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።) ክኖፕፍ በ1984 አይቢኤምን ለቅቆ ሙሉ ጊዜውን ለዚሁ ሥራ ሰጠ።

ከሁሉም ይበልጥ የማደንቀው ግን ቦብ ዋላስን ነው። በማይክሮሶፍት ከመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች አንዱ የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1983 ከዚያ ወጥቶ ፒሲ ራይት የተባለ የጽሕፈት ፕሮግራም አወጣ። ዲስኩን ማንም እንዲገለብጠው ፈቀደ፤ 75 ዶላር ከፍሎ የተመዘገበ ሰው ግን የታተመ መመሪያ፣ የስልክ እርዳታና በስሙ የተመዘገበ ቁጥር ያለው ቅጂ ያገኝ ነበር። የተመዘገበው ሰው ቅጂውን ለሌላ ሰጥቶ ያም ሰው ቢመዘገብ፣ ለሰጪው 25 ዶላር ይደርሰዋል። ቀድሞ ሌባ ይባል የነበረው ገልባጭ በአንድ ብልኀት ደላላ ሆነ ማለት ነው። ዋላስ የሸጠው ዲስኩን ሳይሆን መመሪያውንና የስልክ እርዳታውን እንደሆነም ልብ ይሏል።

እኔም ይህን ከእርሱ ተምሬ ፒያሳ ላሉት ጫኝ ልጆች እንዲህ አልኋቸው፤ የጫናችሁለት ሱቅ በሐምሌ ከከፈለኝ ሩቡ የእናንተ ነው። ጫኙ ልጅ ቀድሞውንም ከሠሪው ይልቅ ለደንበኛው ይቀርባል፤ ደንበኛው ኮምፒውተሩ ሲቆም የሚጠራው እርሱን ነው። ካለፈው ክረምት ክፍያ ግማሽ ያህሉ የመጣው በእነዚህ ልጆች በኩል ነው። ሕዝባችን ለሶፍትዌር አይከፍልም የሚለው አባባል እንግዲህ ከመነሻው መታረም አለበት፤ ይከፍላል፣ የሚከፍለው ግን ለሚያውቀው እጅ ነው።

በሦስተኛው ነጥባቸው ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2022 ከተጠቃሚዎቹ መዋጮ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሰብሰቡን ለኮምቦልቻ ወጣት እየነገሩ «አንተም እንዲሁ ታገኛለህ» ማለት ማታለል ነው። አብዛኛው ሰዋችን ወደ ውጭ የሚከፍልበት ካርድ የለውም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ፣ ከ600 ብር ያነሰ የነበረው 10 ዶላር በሁለት ወር ውስጥ ከሺህ ብር አልፏል። የውጭውን ቁጥር እንዳለ አምጥቶ መለጠፍ አይቻልም፤ በዚህ አንለያይም።

ግን ከዚህ ተነሥተው መንገዱ በአገር ውስጥም ዝግ ነው ማለታቸው አይከተልም። የክኖፕፍ ተጠቃሚ 10 ዶላር ለመላክ ቼክ መጻፍ፣ ፖስታ ማሸግ፣ ቴምብር መለጠፍ ነበረበት። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር፣ ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ በባንኮች የስልክ አገልግሎት፣ የኮምቦልቻ ባለመድኃኒት ቤት ከወንበሩ ሳይነሣ ይከፍለኛል። ገንዘቡ የሚተላለፍበትን መንገድ ብቻ ካየን የዛሬው ወሎ እ.ኤ.አ. ከ1982ቱ አሜሪካ ይልቅ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ወደ ቁልፉ እንምጣ። ጸሐፊው ሶፍትዌሩ በኮምፒውተሩ የሃርድ ዲስክ ቁጥር ተቆልፎ እንዲሸጥ፣ ገዢው ማሽን ሲቀይር ሠሪውን ጠርቶ አዲስ ቁልፍ እንዲያወጣ ይመክራሉ። የእኔ ጥያቄ፣ ቁልፉ የሚይዘው ማንን ነው? የሚለው ነው። ሊሰርቅ የወሰነ ሰው ቁልፉን የሚሰብረውን ክራክ ያገኛል፤ ክራኩ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፣ ፋይሎችን ሾርትከት እያደረገ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመተውን ቫይረስ ይዞ ይመጣል። በቁልፉ ተይዞ የሚቀረው የከፈለው ሰው ነው። አንዲት የማውቃቸው ባለመድኃኒት ቤት በገንዘባቸው የገዙት የሒሳብ ሶፍትዌር ነበራቸው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሃርድ ዲስኩ ተቃጠለ፤ መረጃቸውን በፍላሽ ገልብጠው ይዘውት ስለነበር እርሱ ተረፈ፤ ሶፍትዌሩ ግን በአዲሱ ዲስክ ላይ አልከፈትም አለ። የሻጩ ስልክ ለሦስት ሳምንት አልተነሣም። እኒህ ሴት የመድኃኒቶቻቸውን ማብቂያ ቀን ለሦስት ሳምንት ከየሣጥኑ ላይ እያነበቡ ሠሩ። ከጎረቤታቸው ያለው፣ ክራክ የተደረገውን የጫነው ሰው ሥራው አንድ ቀን አልተስተጓጎለበትም። ሐቀኛውን የሚቀጣ ሌባውን የሚያሳልፍ መዝጊያ ለማን ይሠራል?

ሁላችንም የምናውቀው የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ዊንራር 40 ቀን ሞክራችሁ ግዙ ይላል፤ 40 ቀኑ ካለፈ በኋላም መጠየቁን አይተውም እንጂ ሥራውን አያቆምም። እንዲህ እያለ ከ1990ዎቹ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ጥያቄና ቁልፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጥያቄ ሰውን ያስታውሰዋል፣ ቁልፍ ግን በማያስፈልግ ሰዓት ያስቆመዋል። እዚህ ላይ የምቀበለው አንድ ነገር አለ፤ የአገልግሎቱን አንድ ክፍል ለከፋይ ብቻ መስጠት ነውር የለበትም። እኔም የቅርንጫፍ ሱቆችን መዝገብ የሚያገናኘውን ክፍል የምሰጠው በክፍያ ነው፤ ምክንያቱም እርሱን መጫንና መከታተል ጉልበቴን ይበላል።

አምስተኛው፣ በነፃ ያደለ መብቱን ያጣል የሚለው፣ ረጅም መልስ አይፈልግም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ከሚያገኙት ሥራዎች አንዱ ነው፤ ጥበቃውም የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ አንሥቶ ነው እንጂ በመሸጡ ወይም በመመዝገቡ አይደለም። በነፃ እንዲቀዳ መፍቀድ ባለቤትነትን መተው አይደለም፤ ፈቃዱን የሰጠው ባለቤት ስለሆነ ነው የሰጠው። ጸሐፊውን ያሳሳታቸው ቃሉ ይመስለኛል። «በነፃ» እና «ነፃ» በአንዲት «በ» ብቻ ቢለያዩም ትርጉማቸው ለየብቻ ነው። የእኔ ሶፍትዌር በነፃ የሚታደል እንጂ ነፃ አይደለም፤ ውስጡን ከፍቶ የመለወጥ ፈቃድ አልሰጠሁበትም። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው እንቅስቃሴ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው፣ ማለትም ኮዱን ስለማየት፣ ስለመለወጥና መልሶ ስለማደል ነፃነት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሶፍትዌር ደግሞ በገንዘብ መሸጥ አልተከለከለም። ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ላይ መክሰስ አያስኬድም።

ስድስተኛው ነጥባቸው እውነት ነው። በምስጋና ልጅ አያድግም። እኔ ቤቴን የማስተዳድረው በጥገናና ሠራተኛ በማሠልጠን ነው፤ በፈቃድ የሚከፈለው ገንዘብ የሱቄን ኪራይ ለጥቂት ወራት ይሸፍናል፣ ከዚያ አያልፍም። ይህን መደበቅ ለሚመጣው ወጣት ደግ አይሆንም። ከእኔ የባሰም አለ። የባንክንና የኢሜይልን ግንኙነት በምሥጢር የሚጠብቀው ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው ፕሮግራም ስንቱ የዓለም ድረ ገጽ ተደግፎበት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው ከባድ ስሕተት እስኪገኝበት ድረስ በዓመት የሚያገኘው መዋጮ 2,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ተባብረው ገንዘብ መመደብ የጀመሩት አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። ጸሐፊው ይህን ምሳሌ ባያነሡትም እኔ አነሣዋለሁ፤ ምክንያቱም ለእርሳቸው ክርክር ከጠቀሷቸው ሁሉ የሚበልጠው ምስክር ይህ ነው። ለእኔ ደግሞ የሚነግረኝ ያንኑ የድንኳኑን ነገር ነው፤ ፕሮግራሙ ሰው ዓይን የማይደርስበት ቦታ የተቀበረ ስለሆነ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደደከመበት የሚያውቅ ተጠቃሚ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

ተጠቃሚው ፊት ለፊት የሚያየው ነገር ሲሆን ውጤቱ ሊለይ ይችላል። ብሌንደር የተባለው የሥዕልና የአኒሜሽን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2002 ባለቤቱ የነበረው ኩባንያ ሥራውን ሲያቆም፣ ኮዱን ከባለሀብቶቹ ለማስለቀቅ 100,000 ዩሮ አስፈልጎ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ በሰባት ሳምንት አዋጥተው ከፈሉት።

ስለ ልመና የተናገሩትን ግን ሳላነሣ አላልፍም። በፈቃድ ክፍያ መጠየቅን «ኮምፒውተር የያዘ ልመና» ብለውታል። ብራም ሙሌናር የተባለው ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣውን ቪም የተባለ የኮድ መጻፊያ በ2023 እስኪሞት ድረስ በነፃ አድሏል፤ ተጠቃሚዎቹን ግን ለእኔ ሳይሆን ለደቡብ ኡጋንዳ፣ ለኪባሌ ችግረኛ ሕፃናት ስጡ ይላቸው ነበር። ይህም ልመና ከተባለ የልመና ዓይነቱ ብዙ ነው። እኔ ለሕፃናት ሳይሆን ለራሴ ነው የምጠይቀው፤ የሠራሁትን አስቀድሜ ሰጥቼ፣ ሰውየው ተጠቅሞበት ካየ በኋላ እጠይቃለሁ። በእኛ ገበያ ይህን የሚመስለው ልመና ሳይሆን ዱቤ ነው፤ እዚህ ላይ የጸሐፊውን ስያሜ መልሼ እቀበላለሁ። ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ ሁሉም እንደማይመልስለት ያውቃል፤ ያም ሆኖ ይሰጣል፣ ምክንያቱም ደንበኛውን የሚያመጣለት እርሱ ነው። የጥገና ደንበኞቼ ከየት እንደመጡ ብጠየቅ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስልኬን ያገኙት ከሪፖርቱ ግርጌ ነው። እንግዲህ መዝገቡ አለ፤ ምናልባት ጸሐፊው የፈለጉት ገጽ ላይ አልተጻፈም ይሆናል። ወጣቱ ሥራውን ለቅቆ በዚህ ይኑር አልልም፤ ክኖፕፍም ሁለት ዓመት ደመወዙን እየበላ ነው የቆየው።

በመጨረሻ ያቀረቡት የዋጋ ወለል ግን የሚያስፈራኝ ነው። ተወዳዳሪ ነጋዴዎች ተሰብስበው ከዚህ በታች አንሸጥም ብለው መስማማት በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው፤ ጸሐፊው ይህን በቅን ልብ እንዳሰቡት ብገምትም፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ስማቸውን ከመጻፋቸው በፊት የሕግ ባለሙያ ቢያማክሩ እመክራለሁ። ክኖፕፍና ፍሉጀልማን የተስማሙት ተጠቃሚውን በሚጠይቁት መጠን ላይ ነው፤ ያልከፈለውንም ሰው ፕሮግራሙን ከመጠቀም አልከለከሉትም፣ ሦስተኛ ሰውም በነፃ እንዳያድል አላገዱም። ወለሉ ቢጸና ደግሞ መጀመሪያ የሚወድቅበት ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለው ልጅ ነው፤ የሠራውን ለአጎቱ ሱቅ በነፃ ጭኖ፣ ስሕተቱን እዚያ አይቶ፣ አርሞ፣ ስሙን ለማስታወቅ ያለው ብቸኛ በር ይዘጋበታል። እኔና ጸሐፊው ሱቅና ደንበኛ አለን፤ እርሱ ያለው ጊዜና ፍላሽ ብቻ ነው።

ስብሰባው ይጠራ ከተባለ ግን አልቀርም። በአጀንዳው ላይ የዋጋ ወለሉ ተሰርዞ በምትኩ አንድ ነገር ቢገባ ደስ ይለኛል፤ በሁለቱም ከተሞች ሶፍትዌር የሚጭን ሱቅ ሁሉ፣ የመጫኛውን ሒሳብ ሲቀበል በደረሰኙ ጀርባ የአገር ውስጥ ሠሪውን ስምና ስልክ ይጻፍ። ይህ ከጸደቀ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ድረስ መጥቼ እፈርማለሁ፤ ቡናውንም የምጋብዘው እኔ ነኝ።